ከአርባ ምንጭ እስከ ዘነበወርቅ፦ ሕያው ሴል ፍለጋ

አዲስ አበባ ልሄድ ነው ስል አርባ ምንጭ ያሉ ጓደኞቼ ሁሉ የየራሳቸውን አዲስ አበባ አሰቡልኝ። አንዷ ቦሌን፣ ሌላዋ መርካቶን። «ጫማ አምጪልኝ» ያለችኝም አለች። እኔ ግን የሄድኩት ኮልፌ ነው፤ ሳምንቱንም ሙሉ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ዘነበወርቅ ካለው መንገድ ውልፍት አላልኩም። ጫማ አላመጣሁም። ያየሁትን ግን አመጣሁ። ኮልፌን በእግራችሁ ለማትረግጡ፣ ያንን ማይክሮስኮፕም በዓይናችሁ ለማታዩ እነሆ ልንገራችሁ።

ምህረት እባላለሁ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የማጠናው ደግሞ ቁንጭርን ነው። ከከተማችን በላይ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ይህን በሽታ የማያውቅ የለም። የአሸዋ ዝንብ ትነክሳለች፤ ቆይቶ ፊት ላይ ቁስል ይወጣል፤ ሲድን እንኳ ጠባሳው ከሰው ጋር ይኖራል። በሽታውን የሚያመጣው ተውሳክ ጀርም እንዲውጡ በተፈጠሩት የገዛ ሴሎቻችን ሆድ ውስጥ፣ ስስ ግድግዳ ባላት ከረጢት ተሸፍኖ ነው የሚኖረው።

የጉዞዬ ምክንያት ይህች ከረጢት ናት። ባልደረባዬ መስፍንና እኔ በእሷ ጉዳይ ስንከራከር ቆይተናል። እኔ በተራው ማይክሮስኮፓችን፣ ገድለን ቀለም በነከርናቸው ሴሎች ውስጥ ሁለት ተውሳኮች በአንድ ከረጢት ተዳብለው ደጋግሜ አይቻለሁ። መስፍን ደግሞ አንድም ቀን አልተቀበለኝም። «አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ነው እንጂ አብረው አይደሉም። አንቺ ከጣሪያ ላይ ሆነሽ ፎቅና ምድር ቤት የሚኖሩትን አንድ አልጋ ላይ አስተኛሻቸው» ይለኛል። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒት ተውሳኩ ጋ የሚደርሰው በዚያች ግድግዳ አልፎ ነው፤ ግድግዳዋን ሳናውቅ መድኃኒቱ ለምን አንዱን አድኖ ሌላውን እንደሚተው መገመት እንጂ ማወቅ አንችልም። ጽሑፋችንን የላክንለት መጽሔትም «በሕያው ሴል፣ ከነጥልቀቱ አሳዩን» ብሎ መለሰልን።

ያንን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ማዕከል መተከሉን ሰማን። ጻፍን፤ አንድ ሳምንት ተሰጠን። ካመለጠን ቀጣዩ ተራ ከብዙ ወር በኋላ ነበር። መስፍን ተማሪ ስለሚፈትን እኔ ተነሳሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው። በእጄ የያዝኩት ትልቅ ነጭ ሳጥን ነበር፤ ውስጡ በሦስት ድርብ ታሽጎ ተውሳኮቹ ያሉበት ብልቃጥ፣ ከላይ የፈቃድ ወረቀቱ። ረዳቱ ሳጥኑን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«አሳ ነው አይደል? አሳ ከላይ ነው የሚጫነው።»

«አሳ አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሶዶ ስንደርስ ይሸታል።»

ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበና ሳጥኑን ሸሸት ብሎ አየው፤ «በይ እቅፍሽ ላይ ያዢው፤ ለማንም ግን አትንገሪ» አለኝ። እስከ አዲስ አበባ እንደ ጨቅላ ታቅፌው ሄድኩ።

ሶዶ ላይ ቁርስ በላን፤ ፍርፍሩ ጥሩ ነበር፤ ሻዩ ግን እንደኛ አገር ቅመም አልበዛበትም። ወራቤን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ወርደን እንሰት ጥላ ሥር ተኮለኮልን። የስልጤ እንሰት ከእኛ ከጋሞ ደጋ እንሰት በቁመት ይበልጥ ይሆን እያልኩ ሳወዳድር ከጓሮዋ የወጣች ሴት ሳጥን ታቅፌ መቆሜን አይታ አግዳሚ ወንበር ተሸክማ መጣች። «ልጅ ይዘሽ አትቁሚ» አለችኝ። ልጅ አለመሆኑን ልነግራት ብዬ ተውኩት፤ ተቀመጥኩ፤ ውኃም ሰጠችኝ። ጎማው ሲቀየር ረፍዶ ነበር፤ ለቡ መናኸሪያ ስንደርስ ማዕከሉ ተዘግቷል።

ያሰጋኝ ብርዱ ነው። የእኛ ተውሳክ የሞቀ አገር ልጅ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ከጦር ኃይሎች በኋላ ታክሲው ውስጥ መስኮቱ አይዘጋም፤ ዝናቡ በጎን ይገባል። ወያላው «አስራ ስምንት! አስራ ስምንት ማዞሪያ!» እያለ ሲጮህ ከአፉ ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ይወጣል። አርባ ምንጭ ሰው ሲተነፍስ አይታይም።

ማዞሪያው ላይ ጃንጥላ ይዘው የጠበቁኝ ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ የኑሪያ እናት። ኑሪያ አሁን ጅማ ነው ያለችው፤ እናቷ ግን ማዞሪያው አጠገብ ባለች ሱቃቸው ባልዲና ሳፋ ይሸጣሉ። ቤርጎ ልይዝ ነው ስላት ኑሪያ ስልክ ቁጥሬን ለእናቷ ሰጥታብኝ፣ እሳቸውም ደውለው «የልጄ ጓደኛ ኮልፌ መጥታ ቤርጎ ብታድር ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ዘጉብኝ።

ቤት ገብተን ሳጥኑን እንዳስቀመጥኩ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ይነክሳል?»

«አይነክስም እማ ዘይነባ። ዝንቧ ካልነከሰች አይተላለፍም፤ ደግሞም የታሸገ ነው። እኔን ያስፈራኝ በብርድ እንዳይሞትብኝ ነው።»

«ሰው የሚያሳምም ነገር በብርድ እንዳይሞት ትጨነቂያለሽ?»

«እሱን ሳናውቀው መድኃኒቱን አናውቅም።»

ትንሽ አሰቡና ተነሱ። የብርድ ልብስ አመጡ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው በፎጣ ጠቀለሉና ከሳጥኑ ጎን አስደገፉት። «እንግዳ እንግዳ ነው» አሉ። ከዚያ ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። እኛም ቤት ቆጮ አለ፤ የሳቸው ግን ስስና ጥርት ያለ ነው። ይህን ስነግራቸው ሦስተኛ ቁራሽ ተጨመረብኝ።

ማክሰኞ

ማዕከሉን የማገኘው መስሎኝ የነበረው በትልቅ አጥር፣ በመስታወት ሕንፃ ነበር። ማይክሮስኮፑ ያለው ግን በምድር ቤት፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። የሚሠራበት ሄኖክ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ተወልዶ ያደገው እዚያው ኮልፌ። ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያሰባሰበ ራሱ ነው የገጣጠመው።

«የታለ ማይክሮስኮፑ?» አልኩት።

«ፊትሽ ያለው።»

ፊቴ ያለው የቢልያርድ ጠረጴዛ የሚያህል ከባድ የብረት ገበታ ነው። ላዩ ላይ መስታወቶች፣ ሌንሶች፣ ሽቦዎች፤ ዙሪያውን ጥቁር መጋረጃ። ዓይን የሚጠጋበት ቦታ እንኳ የለውም፤ የሚያየው ካሜራ ነው።

መጀመሪያ ብልቃጡን በተራው ማይክሮስኮፕ አየነው። ተውሳኮቹ ጭራቸውን እያወናጨፉ ይዋኛሉ። እልል ማለት ቃጣኝ። ወዲያው ማዕከሉ ካዘጋጀልን ሴሎች ጋር ቀላቅለን ሙቅ ሣጥን ውስጥ ከተትናቸው፤ ሴሎቹ እስኪውጧቸው ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያው ሄኖክ ማይክሮስኮፑ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ። ከመሳቢያው ሁለት ቁራጭ አጎበር አወጣ።

«አርባ ምንጭ ይሄ አለ አይደል?»

«ያለ እሱ ማን ይተኛል?»

«እንግዲያው አንዱን በአንዱ ላይ ደርቢው፤ ትንሽ አዙሪው።»

አዞርኩት። ቀዳዳዎቹ ጠፉና በምትካቸው ሰፋፊ የውኃ ሞገድ የመሰሉ መስመሮች መጡ። ሳዞረው ሞገዱ ይሄዳል። በየቀኑ አልጋዬ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«በተራው ማይክሮስኮፕ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ነገሮች አንድ ሆነው ነው የሚታዩት» አለኝ። «ሌንሱ ስለደከመ አይደለም፤ ብርሃን ሞገድ ስለሆነ ከዚያ በታች መለየት አይችልም። እኔ ግን ሴሉ ላይ ድፍን ብርሃን አላበራም። ሽንትር ሽንትር ያለ ብርሃን ነው የማበራው፤ እንደ አንዱ አጎበር። ሴሉ ሁለተኛው አጎበር ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ እንደዚህ ሰፊ ሞገድ ይወጣል፤ ሞገዱን ደግሞ ካሜራው ማየት ይችላል። ሽንትሩን እያንሸራተትኩ፣ እያዞርኩ፣ ከታች ወደ ላይ ሽፋን በሽፋን አነሳለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከሞገዱ ተነስቶ ሞገዱን ያመጣው ምን እንደሆነ ያሰላል።»

«ጥልቀቱንም?»

«ጥልቀቱንም። ፎቅና ምድር ቤቱ ይለያል።»

መስፍን ቀድሞ ደውሎለት ኖሯል።

ረቡዕ

ጠዋት እማ ዘይነባ የኑሪያን ወፍራም ሹራብ አለበሱኝ። እጅጌው ጣቶቼን አልፏል፤ አልተከራከርኩም። ኮልፌ ጠዋት ላይ ሰው ሁሉ በጥድፊያ ነው የሚሄደው፤ ሻይ እንኳ ቆመው ነው የሚጠጡት። እኛ ዘንድ ጠዋት የሚጣደፍ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄድ ብቻ ነው።

ሴሎቹ ተውሳኮቹን ውጠዋል። የከረጢቶቹን ግድግዳ ቀይ፣ ተውሳኮቹን አረንጓዴ አድርጎ የሚያበራ፣ ሴሉን የማይገድል ቀለም ጨመርን። ሄኖክ መጋረጃውን ዘጋ፤ ሌዘሩ በራ፤ የመጀመሪያው ምስል ተሰላና መጣ።

እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በእኛ ማይክሮስኮፕ ጭጋግ የነበረው እዚህ ክር ክር ሆነ። ሄኖክ በማውሱ ሴሉን እንደ ብርቱካን አዟዟረው፤ ከጎን አየሁት፣ ከታች አየሁት። አብረው የመሰሉኝ ሁለት ተውሳኮች ከጎን ሲታዩ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ናቸው፤ በየራሳቸው ከረጢት። መስፍን ትክክል ነበር። ሌላ ሴል አየን፤ እንደዚያው። ሌላም።

«ቢያንስ አወቅን» አልኩ።

«ይሄ አንዱ ግን እንደነሱ አይደለም» አለ ሄኖክ አራተኛውን እያዞረ። እዚያ ውስጥ ሁለቱ እውነትም በአንዲት ከረጢት ነበሩ፤ ከየትም ጎን ብናዞረው በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ያንን ሴል ተከታትለን ደጋግመን እናንሳው አልን። ጥቂት ጊዜ እንዳነሳነው ሴሉ አረፋ አረፋ እያወጣ አበጠና ሞተ። ብርሃኑ ገደለው። ለማየት ያበራንበት መብራት ራሱ።

ሄኖክ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ነገ ብርሃኑን እቀንሳለሁ። የሽፋኑንም ብዛት እቀንሳለሁ። ምስሉ ትንሽ ይደክማል፤ ሴሉ ግን ይኖራል።»

ማታ መስፍን ሲደውል ያየሁትን ነገርኩት። ይጨፍርብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «ያ አንዱስ?» አለኝ።

«ነገ።»

ሐሙስ

ሐሙስ ብርሃኑ ተቀነሰ፤ ሴሎቹም በሕይወት ቆዩ። ምስሎቹ ግን ተንቀጠቀጡ። ሽንትሩ ቦታውን መሳት የለበትም፤ የፀጉር ስባሪ የምታህል እንቅስቃሴ ስሌቱን ታበላሸዋለች። ሄኖክ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ቆየና ወደ መስኮቱ አየ። ከመንገዱ ማዶ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ዛሬ ኮንክሪት ይሞላሉ፤ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ መሬቱ አብሮት ይንቀጠቀጣል።

«ትላንት አልነበረም» አለ። «ጠረጴዛው የመኪናውን ይችለዋል፤ ይሄን ግን አይችለውም።»

«እስከ መቼ ነው የሚሞሉት?»

«እንጃ።»

ተውሳኮቹ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ግን አውቃለሁ፤ ቅዳሜ መመለሻዬ ነው። ሹራቤን ለብሼ መንገዱን ተሻገርኩ። ሄኖክ ከኋላዬ «ምን ልትያቸው ነው?» እያለ መጣ።

ፎርማኑ አቶ ሸምሱ ይባላሉ፤ ጎልማሳ፣ ቢጫ ቆብ ያደረጉ፣ ድምፃቸው ከማሽኑ በላይ የሚሰማ።

«ሥራ አቁሙ ልትሉኝ ከሆነ ኮንክሪት አይቆምም፤ ይደርቃል» አሉን ገና ሳንናገር።

«አቁሙ አልልም» አልኳቸው። «ከአርባ ምንጭ ነው የመጣሁት። ቁንጭር የሚያመጣውን ተውሳክ ከነሕይወቱ ፎቶ እያነሳን ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ይበላሻል። ለጥቂት ሰዓት ብቻ፣ ማሽኑ ዝም የሚልበት ጊዜ ካለ ንገሩኝ፤ እኔ ሥራዬን ከእርስዎ ጋር አስተካክላለሁ።»

አቶ ሸምሱ ቆቡን አወለቁ። «ቁንጭር? ፊት ላይ የሚወጣው?»

«አዎ።»

«አክስቴ ነበረባት። እስክትሞት ድረስ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ነው የኖረችው።» ወደ ሕንፃው ዞረው አዩ፤ በጣታቸው አንድ ነገር አሰሉ። «ነገ አርብ ነው። ልጆቹ ከስድስት ሰዓት በፊት ለጁምዓ ይወጣሉ፤ ከዚያ ምሳ ነው። ሲመለሱ የፌሮ ብረት አሳስራቸዋለሁ። ፌሮ አይንቀጠቀጥም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ማሽን አላስነሳም፤ ከዚያ በኋላ ግን እሞላለሁ።»

ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳቸው።

«ካነሳሽው አሳዪኝ» አሉኝ።

አርብ

ጠዋቱን ዝም ብለን ሴል መረጥን። የምንፈልገው ሁለት ተውሳክ በአንዲት ከረጢት ያለበትን ነው፤ ብዙ ፈልገን አንድ አገኘን። ከስድስት ሰዓት በፊት ከማዶ ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ሠራተኞቹ እጃቸውን እየታጠቡ ሲወጡ በመስኮቱ አየናቸው። መንገዱም ራሱ ጭር አለ። አዛኑ ከየአቅጣጫው ሲሰማ ሄኖክ ጠረጴዛውን ነካና «ጸጥ ብሏል» አለኝ።

አነሳን። ጥቂት አሳረፍነው፤ ደግመን አነሳን። ምስሉ እንደ ረቡዕ አይደምቅም፤ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ሴሉም ይተነፍሳል ማለት ይቻላል፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል። እማ ዘይነባ የቋጠሩልኝን ሳምቡሳ መጋረጃው ውጭ ቆመን በየተራ በላን። መጀመሪያ ሁለቱ ተውሳኮች በአንዲት ሰፊ ከረጢት ጎን ለጎን ነበሩ። ከዚያ ተራራቁ። ከዚያ የቀዩ ግድግዳ አንዱ ጎን ወደ ውስጥ ሰረጎደ።

«እሱ ስህተት ይሆናል» አለ ሄኖክ። ደግሞ አሰላው። ስህተት አልነበረም።

ተቃራኒው ጎንም ሰረጎደ። ከሁለቱም ወገን ግድግዳው እየገባ፣ እየጠበበ፣ በመጨረሻ ተገናኘ። ከጎን አዞርነው፤ ከታች አዞርነው። አንዲቷ ከረጢት ሁለት ሆናለች። ተውሳክ የሚበዛው አንዱ ሁለት ሆኖ በመከፈል ነው፤ ከረጢቷም ተከትላው ተከፍላለች። እኔ በሞቱት ሴሎች ያየኋቸው ጥንዶች፣ አንዳንዶቹ መስፍን እንዳለው ፎቅና ምድር ቤት ነበሩ፤ የቀሩት ግን እውነትም አብረው ነበሩ፤ ለጥቂት ጊዜ፣ ግድግዳው እስኪገባ ድረስ። የሞተ ሴል ያንን ሊነግረኝ አይችልም ነበር፤ ቆሟላ።

ሄኖክ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ይህን ማሽን ከገጣጠመ ጀምሮ ነገር ሲከፈል ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ የነገረኝ ያኔ ነው። እኔ አለቀስኩ፤ በኑሪያ እጅጌ ጠረግኩት። ከማዶ ማሽኑ ሲነሳና ምስሉ ሲደነባበር ሁለታችንም ሳቅን፤ ጨርሰን ነበር።

አቶ ሸምሱ ኮንክሪታቸውን ትተው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ቪዲዮውን ቆመው አዩ። «ይሄ ነው?» አሉ፤ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ተመለሱ።

መስፍን ስደውልለት «ማን ትክክል ሆነ?» አለኝ።

«ና ራስህ እየው። ሁለት ጽሑፍ ነው የሚወጣው።»

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

እማ ዘይነባ ለቡ ድረስ ሸኙኝ። ተውሳኮቹን ማዕከሉ ጋ ትቼ ያጸዳሁትን ሳጥን ባዶ ነው ብላቸው ባዶ ዕቃ አይመለስም ብለው ቆጮና ቅቤ ሞሉበት። ረዳቱ «አሳ ነው?» አላለኝም፤ ሸቶታል መሰለኝ «ቅቤ ነው» ብሎ ራሱ መለሰ። ሹራቡን ልመልስላቸው ሳወልቅ ተቆጡኝ። ሶዶን ስናልፍ ሙቀቱ መጣ፤ አወለቅኩት፤ ሐይቁ ታየ።

በሳምንቱ ወደ ደጋው ጤና ጣቢያ ወጣሁ። እዚያ አቶ አንጁሎ የሚባሉ ሽማግሌ ታካሚ አሉ፤ ቁስሉ ጉንጫቸው ላይ ነው። መድኃኒቱ ቁስሉ ውስጥ በመርፌ ይወጋል፤ ያማል፤ ያን ቀንም በቃኝ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ጋ ደርሰዋል። ነርሷ እየለመነቻቸው ነው።

«ጋሼ አንጁሎ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ» አልኳቸውና ስልኬን ከፈትኩ።

ግድግዳው ሲገባ፣ ከረጢቷ ሁለት ስትሆን አዩ። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

«ይሄ ነው ፊቴ ውስጥ ያለው?»

«እሱ ነው። እንዲህ ነው የሚበዛው።»

«ታዲያ አዲስ መድኃኒት አገኛችሁ?»

«ገና ነን። ውሸት አልነግርዎትም። የት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚከፈል ግን አየነው።»

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለሦስተኛ ጊዜ አዩት። «እኔ እዚህ በሩ ጋ ቆሜ ሳወራ እሱ እየተከፈለ ነው ማለት ነው?»

«አዎ።»

ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ተመልሰው አልጋው ላይ ተቀመጡና ጉንጫቸውን ለነርሷ ሰጡ።

«በይ ቶሎ በይ» አሏት።